ያላበው ግድግዳ

ሟቹ የተገኘው አልጋው ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነው። የማሞቂያው ጭስ አፍኖታል። ሳል ይዞት ለብቻው ስለተኛ፣ ማሞቂያውን ለኩሳለት «ደህና እደር» ብላ የወጣችው ሚስቱ ነበረች። ከቀብሩ በኋላ በዚያው ክፍል መተኛት ስትጀምር ከራስጌዋ ያለው ግድግዳ ራሰ። ጠዋት ጠዋት ጠብታ ይወርድበታል። ባሏ እያለቀሰባት መሰላትና ፈራች። ክፍሉን ግን መልቀቅ አልሆነላትም።

ጉዳዩን እንድታጣራ ከፖሊስ የተላከችው መርማሪ እንደገባች ግድግዳውን ዙሪያውን በመዳፏ ዳበሰችው።

«ይሄን ማን ለበጠው?»

«እኔ» አለ «ውኃ ልክ» የሚሉት ግንበኛ። ሰፈሩ ሁሉ «ቤቱን ደፍኖ ገደለው» እያለው ሰውነቱ አልቋል። «ጡቡ ብርድ ስለሚያስገባ ከውስጥ ሙቀት የሚይዝ ሰሌዳ፣ በላዩ ላስቲክ፣ ከዚያ ጂፕሰም አለበስኩት። የላስቲኩን መጋጠሚያ በሙሉ በሚጣበቅ ፕላስተር አሽጌዋለሁ። የሰው ትንፋሽ ሾልኮ ቀዝቃዛው ጡብ ጋ ከደረሰ ውኃ ይሆናላ። ከኋላው የሚያልፈውን የማሞቂያውን የጭስ ቱቦም ክፍት ነው የተውኩት።»

«ወሬ ነው» አለ የባልቴቷ ዋርሳ፣ ቤቱ ይሸጥ እያለ ወንድሙን ሲነዘንዝ የከረመው። «ያ ቡሽ ውኃ መጠጣቱ መቼ ይቀራል?»

መርማሪዋ የራሰውን ቦታ አስከፈተችና ባልቴቷን ጨምሮ ሦስቱንም ወደ አልጋው አስጠጋቻቸው። ላስቲኩ ተቀዷል፤ ቱቦው በጨርቅ ተወትፏል።

«የራሰው ይሄ ቦታ ብቻ ነው። አንድ ሰው ከፍቶ ቱቦውን ከደፈነ በኋላ ጂፕሰሙን አሳምሮ መልሶ ቀብቶታል። ላስቲኩን ግን አላሸገም፤ ከውጭ አይታይማ።» ወደ ግንበኛው ዞረች። «ሰሌዳው ምንድን ነው?»

«ለሁሉም የነገርኳቸው ፎም ነበር። በዕለቱ ፎም ጠፋና ቡሽ አደረግን። እትዬ አልነበሩም፤ ከእኔና ከሟቹ ጋሼ በቀር ያየ የለም። ለማንም አላወራሁም።»

«እርስዎ ታዲያ» አለች ወደ ዋርሳዋ ዞራ፣ «ቡሽ መሆኑን በምን አወቁ?»

ዋርሳዋ ወደ በሩ አፈገፈገ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ክንዱን ያዘው።

ባልቴቷ ዞር ብላም አላየችው። «ልጄ፣ ያ የግድግዳው እንባስ?»

«እዚህ ተኝተው የተነፈሱት የራስዎ ትንፋሽ ነው፣ እናቴ።»

«ማሞቂያውን የለኮስኩት እኔ ነኝ። አልተቀየመኝም ማለት ነው?»

«በምን ጥፋትዎ?»

ባልቴቷ እርጥቡን ጡብ ነካችው። ቀዘቀዛት እንጂ አላስፈራትም። ውኃ ልክ ፕላስተሩን ይዞ ሲጠጋ እጁን ያዘችው።

«ነገ ታሽገዋለህ» አለችው። «ዛሬን አብሬው ልደር።»