ያልተሰበሩት ሁለት ዲስኮች

ፀጋዘአብ የተገደለው በራሱ ስቱዲዮ የእሳት ማጥፊያ ነው። ሃያ ሁለት ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው የፊልም ማቀናበሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከሰርቨሩ ሥር በደም ተነክሮ ተዘርሯል፤ ግንባሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። ገዳዩ በዚያው ሲሊንደር የሰርቨሩን አራት ትልልቅ ዲስኮች እንክትክት አድርጎ ሄዷል።

ኢንስፔክተር ዘርፌ ግን ስብርባሪውን ትታ ከላይ የተሰኩትን ሁለት ትንንሽ ዲስኮች ታያለች። ጭረት እንኳን የለባቸውም።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው» አለ ሳጅን ረታ። የስቱዲዮውን ቴክኒሻን ዳናይትን በካቴና አስሯታል። «እጅጌዋ ደም ነው። ትናንትም ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል።»

«ላነሳው ስል ነው የነካኝ! ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስገባ ወድቆ አገኘሁት።»

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?» አለች ዘርፌ።

«በሊኑክሱ፣ ሰርቨሩን በሚያሠራው ፕሮግራም። ትናንት ዲስኮቹን እንደ አዲስ አዋቀርናቸው። ድሮ የክፍሉ የጥበቃ ካሜራ ቅጂ በቀጥታ አራቱ ትልልቅ ቀርፋፋዎች ላይ ነበር የሚጻፈው። አሁን ስድስቱም እንደ አንድ ይሠራሉ፤ አዲስ የገባ ሁሉ መጀመሪያ ሁለቱ ትንንሽ ፈጣኖች ላይ ያርፍና ማታ ወደ ቀርፋፋዎቹ ይዛወራል። እኔ ወዲያው ይዛወር አልኩ፤ እሱ ቀን ሥራችንን ያንቀራፍፈዋል አለ።»

የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ እንድሪስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ዛሬ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ በፊት ለፊት በር ከሟቹና ከዚህች ልጅ በቀር ማንም አልገባም። የምድር ቤቱን በር አላየሁም፤ አንድ ሰው ነኝ፣ ለሁለት አልሰነጠቅ።»

የሟቹ ሸሪክ ደጀኔ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። «ሦስት ቀን ሐዋሳ ነበርኩ፤ አሁን መድረሴ ነው። አትቅጠራት ብዬው ነበር!»

ዘርፌ ሦስቱንም ሰርቨሩ ፊት አቆመቻቸው።

«ዲስክ የተሰበረው የካሜራውን ቅጂ ለማጥፋት ነው። ጋሽ እንድሪስ፣ እርስዎ ቢሆኑ የቱ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ስድስቱንም ይወቅጡ ነበር።»

«ቴሌቪዥኑንም አልምረው» አሉ ሽማግሌው።

«ዳናይት ብትሆን ሁለቱን ነበር የምትሰብረው፤ የዛሬ ጠዋቱ ቅጂ ያለው እነሱ ላይ ነው። አራቱን ብቻ የሚሰብረው የድሮውን አሠራር የሚያውቅ፣ ትናንት ግን እዚህ ያልነበረ ሰው ነው።»

«ይሄ ግምት ነው፣ ኢንስፔክተር!»

«ግምት ነው፣ አቶ ደጀኔ። ዳናይት፣ ክፈቺው።»

ዳናይት በታሰሩ እጆቿ መጻፍ ጀመረች። «ሰርቨሩ አራት ዲስክ ጎድሎኛል እያለ ነው። ግድ የለም፣ አስገድጄ እከፍተዋለሁ።»

ደጀኔ ዘሎ ፀጉሯን ጨመደደና ፊቷን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ሌላ እጁ ወደ ትንንሾቹ ዲስኮች ሲወረወር ረታ ጉልበቱን በዱላ መታው። ሰውየው እየጮኸ ደሙ ላይ ወደቀ።

«ያልተመረቀውን ፊልም አሾልኬ ማውጣቴን ፋይል ሲያዛውር ደረሰበት! ሊያሳስረኝ ነበር!»

«አንተን አሁን እኔ አስርሃለሁ» አለች ዘርፌ። ካቴናውን ከዳናይት እጅ ፈትታ እሱ ላይ ቆለፈችው።

ስክሪኑ ላይ ምስሉ መጣ። ፀጋዘአብ በሩን ከፍቶ ደጀኔን ያስገባል። ከዚያ ሁለተኛ ወንበር ሊስብለት ጎንበስ ይላል።

ዳናይት ከከንፈሯ የሚንጠባጠበውን ደም እየጠረገች የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነች። ምስሉ ቀጥ አለ።

«የቀረውን እናንተ እዩት» አለች።