ክዳኑ ሳይከፈት

ልጅቷ ከፊቱ በፊት እጁን ነው የወደደችው። አትሳቁ! አንድ ዓይኗ ላይ ማጉያ መነጽሯን ገጥማ፣ አንገቷን ደፍታ የሰው ሰዓት ስትፈታ ድንገት አንድ እጅ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘረጋ። በማጉያው ሲታይ የእጁ ጸጉር ሣር ያህላል። ጣቶቹ ጭረት በጭረት ናቸው። አንጓው ላይ ደግሞ ሀብታም ብቻ የሚያስረው የድሮ ሰዓት! ሳታስፈቅድ እጁን ጎትታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«እጄንም አብረሽ ልትፈቺው ነው?»

ቀና አለች። ረጅም ልጅ፣ ጆሮው ቀልቶ ቆሟል። ልቧ ቀጥ አለ። ችግሩ፣ አፏ ቀጥ አላለም።

«ፌክ ነው!» አለች። «የዚህ ዓይነት ሰዓት የሰከንድ ቆጣሪው እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው። ያንተ እንደ እንቁራሪት ይዘላል። በባትሪ ነው የሚሠራው!»

ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ሳቁ። ልጁ ግን አልሳቀም።

«እናቴ ናት ለአባቴ የሰጠችው» አለ ቀስ ብሎ። «እስኪሞት ከእጁ አላወለቀውም። አሁን እየቆመ ሲያስቸግር አመጣሁት። እሁድ ዘመድ በተሰበሰበበት በወግ እጄ ላይ ልታስርልኝ ነው... አጎቴ ደግሞ ‹ተሸውደሽ ነው› እያለ ዕድሜዋን ሙሉ አሳቅቋታል። ዛሬ አንቺ ጨመርሽለት።»

ሲወጣ የበሩ ጉበን ግንባሩን መታው። ዞር ብሎ እንኳን አላያትም።

ጥግ የተቀመጠው አባቷ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሙያውን ለሷ አስረክቦ፣ ለራሱ ንዝነዛውን ብቻ ነው ያስቀረው።

«ከፈትሽው?»

«ምን ያስከፍተኛል አባዬ? ስትዘል እየሰማኋት!»

«ክዳኑን ሳትከፍቺ አፍሽን ከፈትሽ?»

ያን ቀን ምሳ አልወረደላትም። ሰፈሩ ደግሞ ወሬ አይጠግብም፤ ሳይመሽ ወሬው አጎትየው ጆሮ ደረሰ።

በማግስቱ ከደንበኞቿ ጠይቃ፣ መሣሪያዋን በቦርሳ ይዛ፣ ልጁ የሚሠራበት መስታወት ቤት ሄደች። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። የትም ብትዞር ያፈረ ፊቷ ይጠብቃታል።

«ምን ቀረሽ?» አላት፣ መቁረጡን ሳያቆም።

«ክዳኑ።»

«የምን ክዳን?»

«ሳልከፍተው ነው የፈረድኩት። አንዴ ክፈቺው በለኝ... ከዚያ ብታባርረኝም እሄዳለሁ።»

መቁረጫውን አስቀመጠ። ሰዓቱን ፈትቶ ሰጣት። ክዳኑን አዙራ አነሳችና ማጉያዋን አስጠጋች። ከዚያ ጮኸች!

«ምነው? ሰበርሽው?»

«አባዬ!»

«አባትሽ ምን ሆነ?»

«እዚህ ውስጥ ነው!»

ሰዓት ሠሪ የሰው ሰዓት ሲከፍት፣ ከክዳኑ በስተውስጥ በመርፌ ጫፍ የራሱን ምልክት ይጭራል። የአባቷ ምልክት ትንሽ መንጠቆ ናት። ይኸው፣ ከፋብሪካው ማኅተም ጎን ተጭራለች! ማኅተሙም፣ ክዳኑም፣ ፊቱም ኦርጅናል ነው። ርካሹ ከውስጥ የገባው የባትሪ ማሽን ብቻ ነው።

ሁለቱም ወደ ሱቁ ሮጡ። አባቷ ምልክቱን ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ያ ሰውዬ! ሰዓቱን እንዳሰረ ወንዝ ገብቶ ማሽኑን ውኃ አጠጥቶት መጣ። ‹ሚስቴ እንዳትሰማ! ውኃ እንዳታስነካ ብላኛለች!› ብሎ እግሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። መለዋወጫ እስካገኝ ባዶ እጁን እንዳይሄድ የባትሪ ማሽን አስገባሁለት። ዋናውን አጥቤ አስቀምጬለታለሁ፤ እሱ ግን ተመልሶ አልመጣም።»

ልጁ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አባቱ እንደ ሕፃን ሲለምን ታየውና መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ።

ማሽኑ አሮጌ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ተገኘ። ደህና ነው፤ ዝገት የበላው አንዲት ባለጥርስ መንኮራኩር ብቻ ነው። የዚያችን መንኮራኩር እኩያ ልጅቷ የምታውቃት አንድ ቦታ ነው። ከሞቱ ሰዓቶች ዕቃ እየለቀመች፣ ለራሷ ስትገጥመው በኖረችው ሰዓት ውስጥ። መስታወት ብቻ ነበር የቀረው...

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት አባቷ፣ ልጁ እንዳይሰማ።

በወረንጦዋ መንኮራኩሯን ነቀለቻት።

እሁድ የልጁ ቤት ሳሎን በዘመድ ጢም ብሏል። አጎትየው ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ «እስቲ ፌኳን አምጧት!» ሲል ልጅቷ ሰዓቱን ይዛ በር ላይ ደረሰች።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«ፌክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት ላነሳው መጣሁ። ተሳስቻለሁ! እማማ፣ አልተሸወዱም!»

ክዳኑን ከፍታ ማኅተሙን ለአጎትየው አሳየችው። ገልብጣ ፊቱን አሳየችው። የሰከንድ ቆጣሪው እንደ ውኃ ይፈሳል።

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ሲዘል ኖረ?» አለ አጎትየው።

የወንዙን ነገር ተናገረች። እናትየዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ወንዝ?! ውኃ እንዳታስነካ ብዬው! አንተ ሰውዬ... ሳትነግረኝ ሞትክ?» እያለቀሰች ትስቃለች። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አጎትየው ራሱ «ይቅር በይኝ እትዬ» ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

እናትየዋ ማሰሪያውን ልትቆልፍ ሞከረች፤ እንባዋ ጋረዳት። «አንቺው እሰሪለት የኔ ልጅ።»

አሰረችለት። ጆሮው እንደገና ቀላ።

«አሁንስ እጄን ትመልሽልኛለሽ?»

«አልመልስም!»

«ጥሩ» አለ ዝቅ ብሎ። «አባትሽ ነግረውኛል። መንኮራኩርሽ እኔ ጋ ናት። ለሰዓትሽ መስታወቱን እኔ እቆርጥልሻለሁ። ከዚያ ሁለቱ ሰዓቶች አንድ ቤት ይኑሩ... ምን ትያለሽ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ሳትከፍት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ዛሬ የሷ ሰዓት መስታወቱ ያበራል እንጂ አይሄድም። ይሂድ ብላም አታውቅም። ስንት ሰዓት ነው ሲሏት፣ ሳታስፈቅድ የባሏን እጅ ጎትታ ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች። መጀመሪያ ታዳምጣለች። ሰዓቱን የምታየው ከዚያ በኋላ ነው።