ዘጠኝ ቀን ያልመሸባት እህቴ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን የሰማሁትን ሳይሆን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ውጭው ጠራራ ፀሐይ...

ታላቅ እህቴ እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን ትንከባከባለች። የዶሮዎቹ ቤት መስኮት የለውም፤ መምሸት መንጋቱ የሚታወቀው በአምፖል ነው። አልጋዋም እዚያው ውስጥ ነው፣ ዶሮዎቹን ከሚለየው ሽቦ ወዲህ።

ድሮ የለየላት እንቅልፋም ነበረች። «ከዶሮዎቹ ቀድመሽ ትሰፍሪያለሽ» እያልኩ አበሽቃት ነበር።

ከዚያ አለቃዋ አምፖሎቹን ዓይን በሚወጉ ደማቅ አምፖሎች ቀየራቸው። «ብርሃን ሲበዛ እንቁላል ይበዛል» ብሎ ማጥፊያውን በፕላስተር አሸገው። እሷም ከሥራ እንዳትባረር ፈርታ እሺ አለች።

በአሥረኛው ቀን ምሳ ይዤላት ገባሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

ሺህ ዶሮ ያለበት ቤት... ጭጭ ብሏል።

ሁሉም ቆጡ ላይ ሆነው ወደ እህቴ ዞረው ቆመዋል።

እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። ዓይኗ ፈጦ ቀርቷል።

«ትንሽ እንኳ ተኝተሻል?» አልኳት።

«መቼ መሸና?» አለች በሹክሹክታ።

«ዘጠኝ ጊዜ መሸ'ኮ!»

«ለእናንተ ነዋ...»

ዓይኗን ትኩር ብዬ አየሁት። አንዴም አላርገበገበችም።

ክው አልኩ። ዛሬ ካልተኛች ትሞትብኛለች! አለቃዋ የፈለገውን ይበል ብዬ ፕላስተሩን ቦጨቅኩት።

«ተው! አታጥፋው!»

«ለምን?»

«ሲጠፋ... ይታያል።»

«ምኑ?»



ማጥፊያውን ቀጭ አደረግኩት።

ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። አልጋዋ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ተጋደመች። ትንፋሿ ቀስ እያለ ረዘመ...

እፎይ! ተኛችልኝ። ከደስታዬ ብዛት ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ወዲያው አንዲት ዶሮ አስካካች። ሌላዋ ተከተለች... የነጋ መስሏቸው ከቆጡ መውረድ ጀመሩ።

ሲወርዱ አየኋቸው። ላባቸው ሳይቀር ይታየኛል።

ቀና አልኩ። አምፖሎቹ እንደጠፉ ናቸው።

ዞርኩ። እህቴ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ዓይኖቿ ተጨፍነዋል።

ብርሃኑ የሚወጣው ከተጨፈነው ዓይኗ ቆብ ሥር ነበር።

«እቴ...» አልኳት። አልሰማችኝም። እንቅልፏ ሰላማዊ ነው።

ምን ላድርግ? ትንሽ እንድታርፍ ብዬ መዳፌን ዓይኖቿ ላይ አሳረፍኩ።

የእጄን አጥንቶች አንድ በአንድ አየኋቸው።