የቅዳሜ ጠረጋ

አስከሬኑን መጀመሪያ ያዩት ጎብኚዎች ናቸው፤ ከመጮኻቸው በፊት ደግሞ ፎቶ አነሡት።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ጀልባ ነጂ በኔካር ወንዝ ዳር፣ ከአኻያው ዛፍ ሥር ታስሮ ያደረውን ጀልባ ሸራ ገለጠ። ከኋላው ሃያ ሰዎች ቲኬታቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከሸራው ሥር የጀርመኗ የቱቢንገን ከተማ ስመ ጥር አስጎብኚ ጎትሎብ ራውሸር በጀርባው ተንጋሏል። ቀይ ኮፍያው ደረቱ ላይ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰብሯል።

የፖሊስ መርማሪዋ ኮሚሳር ሮስቪታ ማውከር ስትደርስ ጎብኚዎቹ ገንዘባቸው ይመለስላቸው እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። ማውከር የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በሰሜን ጀርመን፣ በሀምቡርግ፣ ተምራና ሠርታ ከተመለሰች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ከተማዋን የምታያት የፈታችውን ባል በምታይበት ዓይን ነበር፤ አሁንም በመልኩ የሚመካ፣ አሁንም ስለ ራሱ ማውራት የማይሰለቸው።

ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ፣ «ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው» አላት። ከሟቹ ኪስ ብሬትሰል የሚባለው ጠምዛዛ ዳቦ ቁራሽ፣ አንድ ፊሽካና መዳፍ የምታህል የግድግዳ ልስን ስባሪ ወጡ። በስባሪዋ ላይ በቀይ ጠመኔ የተጻፈ የአንድ ፊደል ግማሽ ይታያል። ማውከር ስባሪዋን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ለማንም አላወራችም።

ራውሸር ሁለተኛ ፎቁ ላይ የሚኖርበት ቤት ከጀልባው በላይ ነበር፤ በየፖስታ ካርዱ ላይ ከሚታዩት ከወንዝ ዳሮቹ ባለቀለም ቤቶች አንዱ። ከቤቱ ሥር ያለው ጓዳ ደግሞ ከከተማዋ መስህቦች አንዱ ነው፤ «የተማሪው እስር ቤት» ይሉታል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የታሰረ አንድ ተማሪ በላቲን የጻፈው እሮሮ ግድግዳው ላይ አለ። ከጓዳው ወደ ወንዙ የምታወጣ ትንሽ በር አለች። ወደ ጓዳው በሚያወርደው ደረጃ ሦስተኛ እርከን ስንጥቅ ውስጥ ደም ተገኘ። የቀረው ደረጃ ግን ከላይ እስከ ታች ታጥቦ ያብለጨልጫል።

እኩለ ቀን ሳይሆን ባልደረባዋ ዲትማር ክሩክ ለጥያቄ ወደዚያው ቤት ያስጠራትን ሴት ያዘ፤ ሰናዳ ሆጂችን። ሰናዳ ከቦስኒያ የመጣች የቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባልዲ ይዛ ከዚህ ቤት ስትወጣ ታይታለች።

«ደረጃ የሚያጥብ ማነው? አጣቢ» አለ ክሩክ፣ ትልቅ ነገር እንደፈለሰፈ ሁሉ። «ሰኞ በስድስት ሰዓት ዳኛ ፊት ትቀርባለች።»

«ክስ ከተመሠረተባት የመኖሪያ ፈቃዷ ይሰረዛል። አሥራ አንድ ዓመት ኖራበታለች፤ ልጅዋ የምትማረው እዚህ ነው።»

«ታዲያ እኔ ነኝ ግደይ ያልኳት?»

ማውከር ትታው ወደ ነዋሪዎቹ ሄደች። በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከታች ጀመረች።

ምድር ላይ የሚኖሩት ባልቴት ወይዘሮ ሄፌለ በሩን በሩብ ከፈቱት።

«የዳቦ ጋጋሪው የማውከር ልጅ አይደለሽ? አባትሽ ጨዋ ሰው ነበር፤ ዳቦው ግን ሊጥ ሊጥ ይል ነበር። ገዳይዋ ተይዛ የለ፣ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«እሷ መሆኗን በምን አወቁ?»

«ታዲያ ሌላ ማን ሊሆን? እኛማ የዚህ ቤት ሰዎች ነን! ሐሙስ ዕለት ራውሸር ላይ ባልዲ ሙሉ ውሃ አልደፋችበትም? ሃምሳ ጎብኚ እያየ!»

«ለምን ደፋችበት?»

«ቀልድ አታውቅማ። መስኮት ስትወለውል በጣቱ አሳይቷቸው፣ ‹ይህቺ ደግሞ ከመካከለኛው ዘመን የተረፈች አጣቢ ናት፤ ፎቶ በነፃ ነው› አላቸው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።»

«ቅዳሜ ምን ሰሙ?»

«ቴሌቪዥን ከፍቼ ምን እሰማለሁ! ኋላ ላይ ግን ውሃ በበራፌ ሥር ገባብኝ። መወልወያውን አልጨመቁትም። ከትናንት በፊት በነበረው ቅዳሜ ተራው የኔ ነበር፤ ጠብታ ያየ ካለ ይምጣና ይመስክር!»

በመግቢያው ግድግዳ ላይ የቤቱ ደንብ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ተሰቅሏል። በዚያ አገር ደረጃ መጥረግ ከጸሎት አይተናነስም። ተራው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ምድር፣ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ከዚያ እንደገና ምድር። ባለተራው ቅዳሜ ከመምሸቱ በፊት ጠርጎና አጥቦ ሲጨርስ ትንሿን የእንጨት ሰሌዳ ከራሱ በር ነቅሎ በሚቀጥለው ባለተራ በር ላይ ይሰቅላል። ሰሌዳዋ ያለችበት ሰው ለሳምንቱ ኃላፊ ነው። ከደንቡ ግርጌ ከአርባ ዓመት በፊት የፈረመበት ሰው ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል፤ ፕሮፌሰር ዶክተር ኤግበርት ዛይለር።

ፕሮፌሰሩ አንደኛ ፎቅ በመጻሕፍት መካከል ተቀምጦ ተቀበላት። እጁን የዘረጋላት የሚሳም ነገር እንዳለበት አድርጎ ነው።

«ራውሸር የሚያሳዝን ሰው ነበር» አለ። «ታሪክን ለእግረኛ ቋሊማ አድርጎ የሚሸጥ። በእርግጥ ሞት ሞት ነው።»

«ከሥር ያለውን የተማሪውን ጽሑፍ ያገኙት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«በሃያ ሰባት ዓመቴ። መቼም መጽሐፌን አንብበውታል።»

«አላነበብኩትም።»

ዛይለር ስለ እሷ አዘነላት። «የፊታችን ዓርብ ከተማዋ የክብር ዜግነት ትሰጠኛለች። በየጋዜጣው የሚወጣው የኔ ስም ነው፤ የአጣቢ ጥል ከኔ ስም ጋር ባይነካካ ደስ ይለኛል።»

«ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አሥር የት ነበሩ?»

«ወንዙ መካከል ባለው ደሴት፣ ከዛፎቹ ሥር በእግሬ ስሄድ። ሴትየዋ ቤቴን ታጸዳ ነበር።»

«ደረጃውን ያጠበው ማነው? ተራው የእርስዎ ነበር።»

«እሷ ናት እንጂ! ሁልጊዜ የኔን ተራ የምትሠራልኝ እሷ ናት፤ በቃል ነው የተስማማነው። በዚህ ዕድሜዬ ልንበረከክ?»

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ጡረተኛዋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወይዘሪት ኢርምጋርድ ቤክ ናት። ስለ ግድያው አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም፤ የራሷ ቅሬታ ነበራት።

«በዚህ ቤት ሥርዓት የለም! ቅዳሜ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ እህቴ ስሄድ የኔ በር ባዶ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስመለስ ምን አገኛለሁ? ሰሌዳው ተሰቅሎብኛል! እኔ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ጠርጌያለሁ። ከዚያ ሄፌለ ጠረጉ። ታዲያ እንዴት ነው በሁለት ሳምንት የሚዞረኝ?»

«ማን የሰቀለብዎት መሰለዎት?»

«ራውሸር ነዋ! ከተራው ለመሸሽ ያልሠራው ተንኮል የለም። ነገ ልኩን አሳየዋለሁ ብዬ ተኛሁ።» በቁጭት ከንፈሯን ነከሰች። «ይኸው፣ አመለጠኝ።»

ማውከር ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈች።

ከዚያ ወርዳ የተማሪውን እስር ቤት ብቻዋን አየችው። ጽሑፉ ያለበት ግድግዳ ላይ አንድ የማብራሪያ ሰሌዳ ተደግፏል፤ ወለሉ ላይ የተጎተተበት አዲስ ጭረት አለ። ቀና አድርጋ ከኋላው አየች፤ መልሳም እንደነበረ አቆመችው።

ሰናዳ በጣቢያው ክፍል ውስጥ እጇን አጣምራ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነው።

«ወይዘሮ ሆጂች፣ ውሃ ደፍተውበታል?»

«ደፍቻለሁ። ሙቅ ስላልነበረ ይቆጨኛል።»

«ቅዳሜ ደረጃውን አጥበዋል?»

ሰናዳ ሳቀች፤ ከያዟት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «ደረጃውን? እኔን? እመቤቴ፣ አንድ ቀን ቡና ተንጠባጥቦብኝ በጨርቅ ጠረግሁ። ፕሮፌሰሩ ወጥተው እንደገና ራሳቸው ጠረጉት። ‹ይህ የነዋሪ ሥራ ነው፤ አንቺ ማዕዘኑን አታውቂበትም› አሉኝ። ሽንት ቤታቸውን ታምነውኛል፤ ደረጃቸውን ግን አያምኑኝም።»

«ስትወጪ ደረጃው እርጥብ ነበር?» ማውከር ወዲያው አረመች፤ «ይቅርታ፣ ሲወጡ?»

«ደረቅ ነበር። ፕሮፌሰሩ በር ላይ ቆመው እስክወጣ ይጠብቁ ነበር፤ የገዛ ባልዲያቸውን ይዘው።»

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ማውከር ሁሉንም በተማሪው እስር ቤት ሰበሰበቻቸው። ሰናዳ ከክሩክ አጠገብ ቆመች። ወይዘሮ ሄፌለ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፤ ወይዘሪት ቤክ ሰዓቷን ታያለች፤ ዛይለር በገዛ ግኝቱ ፊት ዋና አስተናጋጅ መስሎ ቆሟል።

«እዚህ ቤት ስለ ሟቹ ያለቀሰ ሰው አላገኘሁም» አለች ማውከር። «ስለ ደረጃው ግን ሁሉም አጫውቶኛል። ስለዚህ በደረጃው እንጀምር። ደም ነበረበት፤ ታጠበ። ያጠበው ገዳዩ ነው።»

«እሷ ናታ!» አሉ ወይዘሮ ሄፌለ።

«ትንሽ ይታገሡኝ። መታጠቡ ሲያልቅ ሰሌዳው ወደሚቀጥለው ባለተራ ይሄዳል። ወይዘሪት ቤክ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ማን ጠረገ?»

«እኔ።»

«ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሳምንት?»

«እኔ ነኝ፤ ጠብታ እንኳ ሳላስቀር» አሉ ሄፌለ።

«ያለፈው ቅዳሜ የፕሮፌሰሩ ነበር። ቀጥሎ?»

«ራውሸር!» አለች ቤክ። «ስነግርሽ አልነበር? እሱ ነው የሸሸው!»

«ራውሸር አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሞቷል። እርስዎ በአሥር ተኩል ሲወጡ በርዎ ባዶ ነበር። የሞተ ሰው ሰሌዳ አይሰቅልም።» ማውከር ወደ ሁሉም ዞረች። «እንግዲህ አስቡት። ቅዳሜ ማታ ራውሸር መሞቱን በዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ሰሌዳውን የሚሰቅለው ሁለተኛ ፎቅ፣ ራውሸር በር ላይ ነበር። ያ ሰው ግን የራውሸርን በር አልፎ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ።»

ክሩክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰናዳም ብትሆን መሞቱን ካወቀች...»

«ለወይዘሮ ሆጂች ያ ሰሌዳ የእንጨት ቁራጭ ነው። ሰው ገድላ ቢሆን ኖሮ ባልዲዋን ጥላ ትሮጥ ነበር። እጁ በደም ተነክሮ ሳለ ‹የሚቀጥለው ሳምንት ተራ ባዶ እንዳይሆን፤ ሬሳ አይጠርግም› ብሎ የሚጨነቅ ሰው ግን አውቃለሁ። አርባ ዓመት አንዲት ቅዳሜ አሳልፎ የማያውቅ፤ ደንቡንም የጻፈው ራሱ።»

ዛይለር ፈገግ አለ። «ኮሚሳር፣ ይህ ቀልድ ነው። በር ተሳስቼ ይሆናል።»

«አሁን ደግሞ ያጠበችው እሷ ናት ማለትዎን ትተው ተሳስቼ ይሆናል አሉ። ደግ፤ ወደ ቀልዱ እንሂድ።» የማብራሪያ ሰሌዳውን ገፋችው። ከኋላው መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። የራውሸርን ስባሪ ከቦርሳዋ አውጥታ ገጠመችው፤ ግማሹ ፊደል ሙሉ ሆነ። ከዚያ መልሳ አነሣችና በባትሪ አበራች። ከልስኑ ሥር ግራጫ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማስተላለፊያ ቱቦ ታየ።

«ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የታሰረው ተማሪ መብራት አስገብቶ ነበር ማለት ነው?»

ወይዘሪት ቤክ አፏን በእጇ ያዘች። «ያንን መጽሐፍ እኮ አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው አበድሬያለሁ!»

«የአንዱ ጎብኚ ሻንጣ ነክቶት ነው የረገፈው» አለ ዛይለር በቀስታ። ፈገግታው አሁንም ፊቱ ላይ ነበር፤ የሚያወርደው ሰው ያጣ ይመስል። «ራውሸር ጠርቶ አሳየኝ። ዝም በል አልኩት። ገንዘብ ቢጠይቀኝ ይገባኝ ነበር። እሱ ግን ሳቀ። ‹ኤግበርት፣ ከእስር ቤትህ ይልቅ ውሸትህ ያስቃል፤ ሰኞ በአምስት ሰዓት ለጎብኚዎቹ እነግራለሁ› አለኝ። እየሳቀ ደረጃውን ወጣ። ኮቱን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። ወድቆ ጭንቅላቱ እርከኑ ላይ ተሰበረ፤ በትንሿ በር አውጥቼ ጀልባው ውስጥ፣ ከሸራው ሥር ደበቅሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቅዳሜ ነበር» አለ ዛይለር፣ መልሱ ለማንም ግልጽ እንደሆነ ሁሉ። «ተራው የኔ ነበር።»

ክሩክ የሰናዳን እጅ ፈትቶ በዚያው ሰንሰለት የፕሮፌሰሩን አሰረ። «የፕሮፌሰሩን ባልዲና ደረጃ የሚፈትጉበትን ብሩሽ አንድ ሰው አንሥቶ ያስመርምር» አለች ማውከር። «ብሩሹ ጀርባው እንጨት ነው፤ እንጨት ደም ይጠጣል።»

ዛይለርን ይዘው ሲወጡ ወይዘሮ ሄፌለ ከወንበራቸው ተነሡና ልብሳቸውን አራገፉ።

«መቼም እግዜር ይመስገን፣ ተጣራ። ሰናዳ፣ ሐሙስ እንደ ወትሮሽ ትመጫለሽ።»

ሰናዳ ታስሮ የነበረውን የእጅ አንጓዋን እያሸች አየቻቸው። «ወይዘሮ፣ ትናንት ሲወስዱኝ መስኮትዎ ላይ ቆመው ነበር። ስጠራዎት መስኮቱን እንኳ አልከፈቱትም።»

«ብርድ ነበራ!»

ሰናዳ ፊቷን አዞረች። ደረጃውን ወጥታ በዋናው በር ወደ ውጭ ሄደች፤ ማውከርም ተከተለቻት። ከበሩ ፊት ለፊት የአምስት ሰዓቱ ጎብኚዎች ደርሰዋል፤ ወደ ሠላሳ ይሆናሉ። አስጎብኚያቸው እንደሞተ የነገራቸው የለም። ስልካቸውን አንሥተው ባለቀለሙን ቤት ሊያነሡ ተዘጋጅተዋል።

«እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ ዞር በይልን» አለ ከፊት የቆመው ሰውዬ፣ በእጁ እያመለከተ። «ፎቶው ውስጥ ገባሽ።»

ሰናዳ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ኮቷን አስተካክላ ቆለፈች። ሰውዬው እንደገና ለመናት፤ ሚስቱም ተቆጣች። ማውከር መታወቂያዋን ለማውጣት እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች፤ ግን ተወችው። ሰናዳ እዚያው ቆማ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰችም።