ሬታማን የያዛት እከክ

ከሁሉም በፊት ይታወቅልኝ፤ እኔ ፈሪ ነኝ። ውሻ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ ሰው በተሰበሰበበት መናገርማ ሞቴ ነው። እንዲህ ያለች ሴት በስፔን አገር በአንዱኻር ተራሮች ላይ ብቻዋን ሊንክስ ስትከታተል እንዴት ትውላለች ብትሉኝ እኔንም ይገርመኛል። ሊንክስን ግን አልፈራም። ጆሮዋ ጫፍ ላይ ጥቁር ቁንጮ ያላት፣ ጭራዋ ቁርጥ ያለ የዱር ድመት ናት፤ ሰው ስታይ ትሸሻለች። ዘሯ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ነው የተረፈችው። ሥራዬ ጫካ ውስጥ የተተከሉትን ካሜራዎች እየዞርኩ ማየት ነው፤ ማን ወለደች፣ ማን ታመመች፣ ማን ጠፋች።

ፍራስዮን ያወቅሁት ውሻ በመፍራቴ ነው። በሰኔ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ የካሜራ ባትሪ ስቀይር አንዲት ቡናማ የአደን ውሻ መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። እኔም ካለሁበት አልነቃነቅ አልኩ። ለካ ባለቤቷ ከዛፍ ሥር ቆሞ ያየናል።

«ሞሪታ ትባላለች» አለኝ። «እንድትነሺ እየጠበቀች ነው። አንቺስ ምን እየጠበቅሽ ነው?»

«እሷ እንድትሄድ።»

«እንግዲያው ሦስታችንም እዚሁ ማደራችን ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ አንገቱን ወደ ጎን ሰበር ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ያቺን ሳቁን ለማየት ስል ስንት የማያስቅ ቀልድ እንደቀለድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የሳቱርኒኖ ልጅ ነው። ሳቱርኒኖን የማያውቅ አዳኝ በአገሩ የለም፤ አርባ ዓመት ሙሉ የአደን ውሾች መንጋ ያሳደገ ሰው ነው። እኛን «የድመት ሞግዚቶች» ይለናል። ሊንክስ ወለደች በተባለ ቁጥር አደን የሚዘጋብን በእነሱ ነው ባይ ነው። ስለዚህ እኔና ፍራስዮ በጋውን ሙሉ የተገናኘነው ተደብቀን ነው። በኮፍያው በለስ ይዞልኝ ይመጣል፤ ጭንጫው ላይ ተቀምጠን እንበላለን። ወደድኩት፣ በቃ።

በጥቅምት ሬታማ ካሜራዬ ላይ ታየች። ሬታማ ከሊንክሶቹ ሁሉ አብልጬ የምወዳት ናት፤ ሦስት ልጆች አስከትላለች። የጆሮዋ ጸጉር ረግፏል። ግንባሯ ተጨማድዶ አሮጊት መስላለች። የኋላ እግሯን አንስታ አንገቷን እያከከች ነው። በሚቀጥለው ፎቶም እያከከች ነው። በሚቀጥለውም።

የእንስሳት ሐኪማችን ቢቢያና ፎቶውን አጉልታ አየች። ከዚያ እከክ ነው አለችኝ። በዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳ ውስጥ እየቆፈረች ትገባና እንቁላሏን ትጥላለች፤ ጸጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ እንስሳው መብላቱን ትቶ ሲያክ ሲያክ ከስቶ ይሞታል። በጊዜ ከተያዘች መድኃኒት አለው። ካልተያዘች ግን ልጆቿም እላይዋ ላይ ስለሚተኙ ይጋባባቸዋል። ከቀበሮ ወይም ከውሻ ሳይተላለፍባት አይቀርም አለች። የሣጥን ወጥመድ ጥንቸል አግብተን አጠመድን፤ ሬታማ ዞር ብላም አላየችው።

በዚያው ሳምንት የእኔም ክንድ ያሳክከኝ ጀመር። ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ ድረስ ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጡብኝ። የከተማው ሐኪም አጎንብሶ አየና ውሻ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። ነገሩ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ውሻ የለኝም፤ ውሻ ያለው ሰው ግን አለኝ።

በቀጥታ ወደ ሳቱርኒኖ ግቢ ሄድኩ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ድኝ። ውሾቹ ከጆሮ እስከ ጭራ ጥቁር ቅባት ተለቅልቀዋል። ዘይትና ድኝ ለእከክ እንደሚቀባ እዚህ አገር ለተወለደ ሰው አይነገረውም። ፍራስዮ ባልዲውን እንደያዘ አየኝ።

«ለመዥገር ነው» አለኝ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየሁት። ባልዲውን አስቀመጠ። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

ከዚያ ነገረኝ። መጀመሪያ የያዘው ሞሪታን ነበር፣ በነሐሴ መጨረሻ። እከክ የገባበት መንጋ ለአደን አይጠራም፤ አባቱ ቢያውቅ ደግሞ ለሌሎቹ ሲል እሷን በጥይት ነው የሚገላግላት። ስለዚህ ወደ ተራራው ወሰዳትና አንድ የፈረሰ የድንጋይ ጎጆ ውስጥ አሰራት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘይትና ድኝ እየቀባ ደበቃት። የዳነች መስሎት መለሳት። አልዳነችም፤ መንጋው ሁሉ ተያዘ። ያን ጊዜ አባትየውም አወቀ። የዓመቱ የመጀመሪያ አደን ደርሷልና አፍህን ያዝ አለው።

የትኛው ጎጆ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እዚያ ተራራ ላይ ያለው ጎጆ አንድ ነው። ሬታማ ልጆቿን ይዛ ከፀሐይ የምትጠለለው እዚያ ነው።

«ለአዳኞቹ ንገራቸው» አልኩት።

«አባቴን በሰው ፊት ላዋርደው?»

«ቅዳሜ ውሾቹ የሚለቀቁት ልጆቿ ባሉበት ጫካ ነው፣ ፍራስዮ። ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።»

ብዬው ወጣሁ። ብናገር እሱን ማጣቴ ነው፤ ዝም ብል ሬታማንና ልጆቿን። ለቢቢያና ሁለት ጊዜ ደወልኩና ገና ሃሎ ስትል ዘጋሁት። ይኸው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ስድሳ የሚሆኑ አዳኞች ተሰበሰቡ፤ እኔም ሄጄ መሃላቸው ቆምኩ። እንደ አደኑ ወግ የዳቦ ፍርፍር ከእንቁላል ጋር ተበላ። ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ እመቤታችን ጸለዩ። ከጸሎቱ በኋላ፣ እያንዳንዱ አዳኝ የሚቆምበትን ቦታ የሚለየው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት፣ የአደኑ አለቃ የውሻ ባለቤቶችን አንድ በአንድ እየጠራ ውሾችህ ደህና ናቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ቃል ነው፤ ማንም ሄዶ አይፈትሽም።

ሳቱርኒኖ ተጠራ። «ደህና ናቸው» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ሬታማን በገዛ እጄ የገደልኳት መሰለኝ።

«ደህና አይደሉም» አለ አንድ ሰው። ፍራስዮ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እከክ አለባቸው። የደበቅሁትም እኔ ነኝ።»

አባቱ ዝም በል አለው። ፍራስዮ እጅጌውን ሰብስቦ ቀያይ ነጠብጣቦቹን ሲያሳይ፣ ሳቱርኒኖ ወደ አለቃው ዞሮ የእሾህ ጭረት ነው፣ ልጁ ጠዋት ጠጥቷል አለ። አለቃው አመነታ። ሰዎቹ ዕጣው ይውጣ ማለት ጀመሩ።

ያን ጊዜ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። መናገር እንደሆነ አልቻልኩም፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ከፍራስዮ ክንድ ጎን አስቀመጥኩት። ያው ነጠብጣብ፣ ያው ቦታ ላይ።

ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «ይቺ እኮ ውሻ የላትም» አለ። ከማን እንደተጋባብኝ ስድሳው ሰው በአንድ ጊዜ ገባው። ፊቴ እሳት ሆነ። ፍራስዮ በሁሉም ፊት እጄን ያዘኝ።

ሳቱርኒኖ የእኔን ክንድ አየ፣ የልጁን አየ። አለቃውን «ስሜን ሰርዘው» ብሎት ውሾቹን ወደ ጫነበት መኪና ሄደ።

በዚያ ጫካ አደኑ ቀረ። ውሾቹን ቢቢያና በትክክለኛው መድኃኒት አከመቻቸው። በአምስተኛው ቀን ሬታማ ወጥመዱ ውስጥ ገባች፤ አጥንቷ ይቆጠር ነበር። ሁለቱ ልጆቿም ተያዙ። ሦስተኛዋ አልተገኘችም። ሳቱርኒኖ ልጁን ማናገር ተወ፤ ፍራስዮ አክስቱ ቤት ገባ። ሲስቅ ሳላየው ሳምንታት አለፉ። ውሎ አድሮ በእኔ ምክንያት ቤቱን ማጣቱ ይቆጨዋል፣ ያኔ ይጠላኛል ብዬ ፈራሁ።

በጥር ታክመው የዳኑትን ሬታማንና ልጆቿን ልንለቅ ወጣን፤ ፍራስዮም አብሮን ነበር። የጆሮዋ ጸጉር በቅሏል። የሣጥኑ በር ሲከፈት አንዴ ዘለለች፤ ሁለቱ ተከተሏት፤ ጠፉ። ዞር ስል ሳቱርኒኖ መንገዱ ዳር ቆሟል። ወደ እኔ መጣ፤ ልጁን አላየውም።

«ሦስተኛዋስ?» አለኝ።

«አልተገኘችም፣ ጌታዬ።»

ኮፍያውን አውልቆ ጫካውን ብዙ ሲያይ ቆየ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ብርድ ነው፣ ልጄ» አለኝ በመጨረሻ። «ምሳ ደርሷል። እሱንም ይዘሽው ነይ።»

ፍራስዮ ከሩቅ ቆሞ ነበር። ሄጄ ክንዱን ያዝኩትና ሽማግሌውን ተከተልነው።