በእቴነሽ ፈንታ የወሰንኩት

የምጽፈው የሆነውን ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም... ቃል መጨመር ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁና።

ግንቦት 2011 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ደብረ ታቦር፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ውስጥ ባለ ባዶ የመማሪያ ክፍል። ውጭ ዝናብ ነበር።

ከደሞዜና ከብርቱካን ጋር የታሪክ ጨዋታ እንጫወት ነበር። ተራኪዋ እኔ ነኝ፤ ቦታውንና የሚገጥማቸውን እነግራቸዋለሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚያደርግ ይወስናል። መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ፣ ቁጥር ያለበት መጫወቻ ኩብ፣ ይለያል፤ አንድ ከወጣ አይሳካም።

አንድ ሕግ ነበረኝ፦ ተራኪ በተጫዋች ፈንታ አይወስንም። የሰው ፈቃድ፣ በጨዋታም ቢሆን፣ መከበር እንዳለበት አጥብቄ አምን ነበር።

ገጸ ባሕርይዋን በራሷ ስም የሰየመችው አራተኛዋ ጓደኛችን እቴነሽ፣ በዚያ ቀን ወላጆቿን ልትጠይቅ ወደ ጋሳይ ሄዳ ነበር።

«እሷን ስንጠብቅ ልንመረቅ ነው» አለ ደሞዜ። «ዋሻ ውስጥ አስገቢያትና እንገላገል።»

«ኧረ ምስኪን!» ብርቱካን ሳቀች። «ሻማ እንኳ ስጫት።»

እኔም ሳቅኩ። ሕጌንም ጣስኩ።

«እቴነሽ ሻማ ይዛ፣ ብቻዋን ወደ ዋሻው ገባች። መግቢያው ከኋላዋ ተዘጋ።»

ስልኬ ጠራ... እቴነሽ ናት።

«ትርንጎ...» በሹክሹክታ ነበር። «ከመኪና ወርጄ ወደ ቤት እየሄድኩ ነበር... ድንገት ጨለመ። ዙሪያው ድንጋይ ነው። እጄ ላይ ሻማ አለ... ማን ሰጠኝ?»

ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ነግረሻታል እንዴ?» አለኝ ደሞዜ።

የነገራት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፦ በቃል ያስገባኋትን በቃል ማውጣት።

«እቱ፣ ስሚኝ። በስተቀኝሽ በር አለ።»

ድንጋዩን በእጇ ስትዳብስ ሰማን።

«...አለ።»

«ክፈቺው!»

ዳይሱን ጣልኩ። አንድ።

«አልከፈት አለኝ።»

ደግሜ ጣልኩ። አንድ።

በሰባተኛውም... አንድ።

ዳይሱን ወረወርኩት። «በሩ ተከፈተ!» ብዬ ጮህኩ።

«አልተከፈተም። ደግሞ ሁለታችሁም አብራችሁ አታውሩ፤ ግራ ገባኝ።»

«ሁለታችን?»

«አንቺና... እዚህ ያለችው አንቺ።»

ያን ጊዜ ሁላችንም ሰማነው። ከስልኩ ውስጥ፣ የእኔው ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፦

«እቴነሽ ሻማዋን አጠፋች።»

ብርቱካን ከንፈሮቼን ታይ ነበር። አልተንቀሳቀሱም።

«እፍ...» የሚል ትንፋሽ ተሰማ።

ወላጆቿና ጎረቤቶቻቸው ከመኪና የወረደችበትን መንገድ ለሳምንታት አሰሱ። ዋሻ አላገኙም። እሷንም አላገኙም።

ስልኬን ባጠፋውም ጥሪው አልተዘጋም። ድምፄ እዚያ ውስጥ ይተርካል፤ እሷም በየዕለቱ እየደከመች ትመልሳለች። እኔ ስናገር ግን አትሰማኝም።

ባለፈው ሐሙስ ድምፄ «አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

የመለሰችው ግን እሷ አልነበረችም።

ብዙ ሰዎች... እጅግ ብዙ ሰዎች... በሹክሹክታ፣ ከዚያው ጨለማ ውስጥ በአንድነት፣ «ቀጣዩን ቃልሽን እንጠብቃለን» አሉ።