ወለላና የአደራው ጤና አዳም

ጆሮ ያላችሁ ስሙ፤ እንቅልፍ የመጣባችሁ ትንሽ ታገሡ።

ወለላ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበራቸው ፊት ለፊት እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ጎረቤት አሉ።

እትዬ ደብሪቱ በጋራው በረንዳ ላይ፣ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ፣ ጤና አዳም ተክለው ነበር። ቅጠሉ ደቃቃ ነው፤ ሽታው ግን ደረጃው ድረስ ይደርሳል።

በዚያ ፎቅ ሆዱን ያመመው ልጅ ሁሉ ወደ እሳቸው ይሮጣል። እሳቸውም ቅጠሉን ቀንጠብ አድርገው ያስሸትቱታል፤ ከዚያ በመዳፋቸው ሆዱን ያሹለታል።

አንድ ቀን የእትዬ ደብሪቱ ልጅ ደሴ ላይ ወለደች። እትዬ ደብሪቱ አራሷ ጋ ሊሰነብቱ ጓዛቸውን ሸከፉ።

ከመሄዳቸው በፊት ወለላን ጠርተው ባልዲውን አሳዩዋት። «ወለላዬ፣ ይህ ተክል ከእናቴ ጓሮ የመጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃ ብቻ ጠብ አድርጊለት። አደራሽን» አሏት።

ወለላ ከዚያ በፊት አደራ የሰጣት ሰው አልነበረም። ደረቷን ነፋ አድርጋ እሺ አለች።

ጠዋት ጠዋት በጣሳ ውሃ ይዛ ትወጣለች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ!

ጤና አዳሙም ደህና ነበር። ደህናውን ነገር ዝም ብትለው ምን ነበረበት? ወለላ ግን እትዬ ደብሪቱ ሲመለሱ «ይህን ሁሉ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ?» እንዲሏት ፈለገች።

ፍግ ተክል ያሳድጋል ሲባል ሰምታለች። ከሕንፃው ጀርባ ደግሞ ላሞች የሚያርፉበት ሜዳ አለ። ወለላ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ፣ በሌላው እጇ እርጥቡን ፍግ እየዛቀች ፌስታል ሞላች።

ባልዲው ውስጥ ስትገለብጠው ምን ብታይ ጥሩ ነው? ነጫጭ፣ ወፋፍራም፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለሉ ትሎች!

ወለላ ሊበርዳቸው ነው ብላ አዘነችላቸው። አፈር አለበሰቻቸውና «እሹሩሩ፣ ተኙ» አለቻቸው። ለማንም አልተናገረችም።

ትሎቹ ግን መች ተኙ? አፈሩ ውስጥ ሆነው የጤና አዳሙን ሥር ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ!

ትንሽ ቆይቶ ጤና አዳሙ አንገቱን ደፋ። ወለላ የጠማው መስሏት ውሃ ጨመረችለት። ከላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ! ከታች ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ!

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ወለላ ሌላ ጣሳ ውሃ ጨመረች። ከላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ! ከታች ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ!

እናቷ አየችና ምን አድርገሽበት ነው ብላ ጠየቀቻት። ወለላ ፍጉ ትዝ አላት፤ ትሎቹም ትዝ አሏት። «ውሃ ብቻ ነው የሰጠሁት» አለች። ዓይኗ ግን መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

አይ ወለላ! ያን ጊዜ ብትናገሪ ኖሮ! ሥሩ ገና አላለቀም ነበር።

በማግስቱ ወለላ ጤና አዳሙን ቀና ላድርገው ብላ ያዝ አደረገችው። ከነግንዱ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ሥር የሚባል ነገር የለውም።

ወለላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እያለቀሰች ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ፍጉን፣ ትሎቹን፣ እሹሩሩውን፣ ውሸቱንም።

እናቷ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ጆንያ አነጠፈችና አፈሩን ዘረገፈችው። ትሎቹን አንድ በአንድ ለቅመው ታች ለሚጭሩት ዶሮዎች ጣሉላቸው። ቋቅ፣ ቋቅ፣ ቋቅ!

ፍግ ከሜዳ እንደተነሣ ተክል ላይ አይደረግም አለቻት እናቷ። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ከዚያ በወንፊት ይነፋል። ወለላ ይህን ቀድማ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ!

ከጤና አዳሙ አንዲት ጫፍ ብቻ አረንጓዴ ሆና ቀርታለች። እናቷ ቆረጠቻትና በቲማቲም ጣሳ፣ ንጹሕ አፈር ላይ ተከለቻት።

ወለላ ጠዋት ጠዋት ጠብ ታደርግላታለች፤ ትንሽ ብቻ። ትጽደቅ አትጽደቅ ማንም አላወቀም።

ሰንብታ ሰንብታ ጫፏ አዲስ ቅጠል አወጣች። ጸደቀች! ያኔውኑ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ኳ! ኳ! ኳ! እትዬ ደብሪቱ መጡ።

ወለላ በሩ ኋላ ተደበቀች። አደራ በላ ሊሏት ነው። እናቷ እንድትነግርላት ለመነቻት፤ እናቷ ግን አደራውን የተቀበልሽው አንቺ ነሽ አለቻት።

ወለላ ጣሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። «እትዬ፣ አደራዎን በላሁ» አለች። ከዚያ ምንም ሳትደብቅ ተናገረች።

እትዬ ደብሪቱ ባዶውን ባልዲ አዩት። ምንም አይደል አላሉም። «እሱን ሳይ የእናቴን ጓሮ ያየሁ ይመስለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ወለላ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ሲመሽ ወለላ ሆዷን አመማት። እትዬ ደብሪቱ ሰምተው ብቅ አሉ። እንደ ልማዳቸው በረንዳው ላይ እጃቸውን ወደ ባልዲው ሰደዱ፤ ባልዲው ግን ባዶ ነው።

ወደ እነወለላ ቤት ገብተው ከጣሳዋ አንዲት ቅጠል ሊቀነጥቡ ሲሉ ወለላ እጃቸውን ያዘች።

«ይተዉአት እትዬ፣ ትደግ። እኔ እችለዋለሁ።»

እትዬ ደብሪቱ ወለላን ትክ ብለው አዩዋት። ጣሳዋን አንስተው ከአልጋዋ አጠገብ፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጡላት። «እንግዲያው አደራሽን» አሉ።

ከዚያ መዳፋቸውን በትንፋሻቸው አሙቀው ሆዷን ያሹላት ጀመር። የጤና አዳሙ ሽታ የለም፤ መዳፋቸው ግን ይሞቃል። «እሹሩሩ፣ ተኚ» አሏት።

ወለላ ዓይኗን ከመክደኗ በፊት ጆሮዋን ወደ ጣሳዋ አቀናች። ቅርጥፍ የሚል ነገር የለም።

ጠዋት ተነሥታ ጠብ ታደርግላታለች። ትንሽ ብቻ።